እንግዳ ያደረበት የእድር ድንኳን

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወርደው ሚኒባስ አንዲት ሴት፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ እግራቸው ሥር ባኖሩት ጥቅል ሸራ ላይ የተጻፈውን አንብባ ጠየቀቻቸው።

«የእድር ድንኳን ነው እንዴ አያ? ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ?»

«የለም ልጄ፣ እንግዳ አድሮበት ነው።»

«በለቅሶ ድንኳን?»

«ራሳቸው መኪና እየነዱ አውሬ ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። የራሳቸውን ድንኳን ነፋስ ቀደደባቸው። ብርዱን ታውቂው የለ።»

«እድርተኛው እሺ አለ?»

«ግማሹ ሟርት ነው አለ። የእድሩ ዳኛ ግን፣ ሲሞቱ ከምንተክልላቸው በቁማቸው እንትከልላቸው አሉ።»

«ነፋሱስ?»

«የኛን ድንኳን? ንቅንቅም አላደረገው። ጠዋት ሲወጡ ጭላዳ ዝንጀሮው ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ለቅሶ የደረሰ ነው የሚመስል። ያን ሁሉ መንገድ የነዱለትን ደጃቸው ላይ አገኙት።»

«ሸጋ ነው። አሁን የት ሊወስዱት ነው?»

«ልብስ ሰፊ ዘንድ። መስኮት ይውጣለት ተባለ፤ የሚመጣው እንግዳ ተኝቶም እንዲያይ።»

«ለቀስተኛውስ?»

«ለቀስተኛውም አየር ያገኛል።»

ከኋላቸው ተቀምጬ ስሰማ የቆየሁት እኔ፣ ከመነሻችን ጀምሮ በወንበራቸው ሥር ወደ እኔ በወጣው የጥቅሉ ጫፍ ላይ ያሳረፍኩትን እግሬን ቀስ ብዬ አነሣሁ።