ሬሳ ያልነበረበት ለቅሶ

አስካለ ላልሞተ ሰው አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊዮርጊስ ገበያ ቁልቁል ስትወርድ ከግሪኩ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ እሪታ ሰማች። አስካለ አልቃሽ ናት፤ አራዳ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ ለማንም ነውር ነው፣ ለእሷማ እንዴት ይሆናል? ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገባች።

አንድ ጎረምሳ ጋቢ ለብሶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አጠገቡ ቀሚስ የለበሰች፣ ሪዝ ያላት ሴት ትንሰቀሰቃለች። አስካለ ሪዟን አይታዋለች፤ ግን ሐዘን ቤት ገብቶ ስለ ሰው መልክ አይጠየቅም። ደረቷን መታ መታ አድርጋ ጀመረች፦

«እናትህ ሳትሰማ እኔ ቀደምኳት፣
የማላውቀውን ልጇን ቆሜ አለቀስኩላት።»

ባለ ሪዟ ሴት መንሰቅሰቋን ትታ ታያት ጀመር። ቅዱስ ጊዮርጊስን ጠርታ፣ ሞትን ረግማ፣ ሁለተኛውን ሙሾ ልታወርድ ስትል ሬሳው አነጠሰ።

«ይማርህ» አለችው፣ ከልማድ። ከዚያ ነው የጮኸችው።

«እትዬ፣ አይደንግጡ!» ሬሳው ተነሣ። ልብስ ሰፊው ኡመር ነው። «ደኅና ነኝ። በዚያ ላይ እስላም ነኝ።»

«ጊዮርጊስን ያህል ጠርቼልህ!»

አስተማሪው ዓምደሚካኤል እየሮጠ መጣና ነገሩን አስረዳት። የሰፈር ሰዎች ተሰብስበው እሑድ ቴያትር ሊያሳዩ ነው፤ የቆየ የፍቅር ታሪክ። የሚጫወቱትን እየፈተነ ይመርጣል። ባለ ሪዟ ሴት ጸሐፊው ገብረትንሣኤ ነው፤ ሴት ስለ ጠፋ እናትየዋን ሊሆን እየተፈተነ ነበር፤ ኡመርም በሟች ልጇ ቦታ ተኝቶለት ነው።

«እንደ በሬ እኮ ነው የሚያገሣው» አለ ኡመር። «ተኝቼ ሳቄ ሊያመልጠኝ!»

«አንተስ ሬሳ ሆነህ ታነጥሳለህ?» አለ ገብረትንሣኤ ቀሚሱን እየፈታ።

ዓምደሚካኤል እጅ ነሣ። «እትዬ አስካለ፣ ፈተናውን ያለፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«የምን ፈተና? እኔ ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«እናትየዋን ይሁኑልን።»

«የማንን እናት?»

«የልጅቱን።»

«የቷን ልጅ? እኔ ልጅ የለኝም።»

«ለጨዋታው ነው እንጂ።»

«ታዲያ እናቷ ነኝ ወይስ አስካለ ነኝ?»

«ሁለቱንም።»

ይኼ ጭራሽ ግራ አጋባት። ሰው አንድ ሆኖ እንኳ መከራው አያልቅም።

«አይ ልጄ፣ በቁም ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው።»

«በስቅለት ዕለት ያለቅሱ የለም እንዴ? ትንሣኤው በየዓመቱ እየታወቀ?»

«ይኼን ልብስ ሰፊ ከጌታ ጋር ታስተካክለዋለህ?»

«አላስተካከልኩም፣ እትዬ። ለቅሶ ሰው አይገድልም ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ነገ ‹አስካለ አዝማሪ ሆነች፣ በውሸት ታለቅሳለች› ቢሉኝስ? በእውነተኛው ሐዘን ማን ይጠራኛል? ስሜ ነው እኮ እንጀራዬ!»

ዓምደሚካኤል ይህን አላሰበበትም ነበር። የተማሩ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ጥቅሙን እንጂ ሰው የሚያጣውን ቶሎ አያዩትም። ስለዚህ ታሪኩን ነገራት። ልጅቱ የምትወደው ጎረምሳ አላት። አባቷ ግን ለሀብታም ሽማግሌ ይድራታል። ኋላ እሷም ወዳጇም ይሞታሉ።

አስካለ ሣጥን ስባ ተቀመጠች።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዐሥራ ሦስት።»

«የአቶ ከተማ ልጅ ናታ!»

ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ከመጋዘኑ ዝቅ ብሎ ነው። ትልቋን ልጁን ሙሉዓለምን በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ዳራት። አምና በወሊድ ሞተች። ሙሾዋን ያወረደችላት አስካለ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ለታናሽቱ ለጽጌማርያም የጋብቻ ሽማግሌ ተቀብሏል።

«በቀብሯ ዕለት አባቷ መሬት ላይ ሲንከባለል በስንት ሰው ነው የተያዘው» አለች። «ታናሽቱን ደግሞ ይድራል። ሙሾዬን አልሰማም እንዴ?»

«ሰምቷል። የሰማው ግን ከሞተች በኋላ ነው። ያኔ ቢጸጸት ምን ይመልሳል? ‹እግዜር ያመጣው ነው› ብለው አጽናኑት፣ አለቀ።»

«እውነት ነው። እኔንም ‹አንጀት በላች› ይሉኛል። ከዚያ ንፍሯቸውን በልተው ይሄዳሉ።»

«በቴያትሩ ግን የሚቀበር የለም። አባት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ያለቅሳል፤ ሲጨርስ እጇን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጅቱ አለች! ሽማግሌዎቹን ‹ትቆይ፤ አካሏ ይጥና፣ ፊደል ትቁጠር፣ ባሏንም በዓይኗ አይታ ትውደደው› ለማለት ጊዜ አለው።»

አስካለ ዕድሜዋን ሙሉ አልቅሳ አንድ ሰው አድና አታውቅም። ለቅሶ ቀድሞ ከመጣ እንደሚያድንም የነገራት የለም። አሁንም ነገሩ በደንብ አልጠራላትም፤ የእውነቱ ለቅሶ ከንቱ ቀርቶ የውሸቱ እንዴት ይጠቅማል? ግን ጽጌማርያም በሕይወት አለች። እሱ ግልጽ ነው። ስም እንደሆነ ይመለሳል፣ ልጅ ግን አትመለስም።

«እናትየዋን እሆናለሁ» አለች። «ሬሳህን ግን ጉንፋኑን አስታመው።»

«እግዜር ይስጥልኝ! አቶ ከተማንም እንጠራቸዋለን።»

«አንተ ከጠራኸውማ ጨዋታ ነው ብሎ ይቀራል።»

ተነሥታ ቁልቁል ወደ ሱቁ ወረደች። ከተማ አቡጀዲ እየለካ ነበር።

«አቶ ከተማ፣ እሑድ ግሪኩ መጋዘን ለቅሶ አለ። ጽጌማርያምን ይዘው ይምጡ።»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «እኔን! ማን ሞተ?»

«ገና ነው» አለችውና ሄደች።