ግማሽ ሹሩባ

ደብረ ብርሃን፣ አንዲት ጠባብ የሹሩባ ቤት። የሟቹ የወፍጮ ባለቤት የአቶ ዘርጋው ሚስት ወይዘሮ የሻረግ መስታወት ፊት ተቀምጠዋል፤ የሱቁ ባለቤት ትርንጎ ከኋላቸው ቆማ ፀጉራቸውን ትሠራለች።

የሻረግ፦ እኔ የምልሽ ቀላል ነው። የልጄ ሐኪሞች ሲጠይቁሽ የአክስቱ ልጅ ነኝ በያቸው፤ በቃ።

ትርንጎ፦ ጋሽ ዘርጋው እህት ነበረቻቸው እንዴ?

የሻረግ፦ አልነበረችውም። አንድ ለእናቱ ነበር።

ትርንጎ፦ ታዲያ ከየትኛዋ አክስት ልወለድልዎ?

የሻረግ፦ አክስት አይጠፋም። በእኔ በኩል አድርጊው።

ትርንጎ፦ በእርስዎ በኩል ከሆነማ እኔና እርስዎ ዘመድ ሆንን ማለት ነው። አንገትዎን ቀና ያድርጉልኝ።

የሻረግ፦ ቀስ፤ አትጎትቺኝ።

ትርንጎ፦ ሹሩባ ካልጠበቀ ወዲያው ይንጨባረራል። ለፀጉርዎ አይደለም እንዴ የመጡት? ሲገቡ እንደዚያ ነው ያሉኝ።

የሻረግ፦ ሰው ሲገባ ምን ይላል? «ደህና ዋልሽ፣ ኩላሊትሽን ፈልጌ ነው» ይላል?

ትርንጎ፦ «ደህና ዋልሽ» ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ይሄን ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ እዚህ ጋ ሲደርሱ መንገድ ይሻገራሉ።

የሻረግ፦ ወዲያ ማዶ ጥላ አለው።

ትርንጎ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ጥላ የሚፈልግ ሰው እርስዎን ብቻ ነው ያየሁት።

የሻረግ፦ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ምላስ ከማን ወሰድሽው?

ትርንጎ፦ እሱን እንኳ እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል።

የሻረግ፦ ተይው እንግዲህ። ልጄ እየሞተብኝ ነው፣ ትርንጎ። ሳህሉ አዲስ አበባ ተጋድሞ ደሙን በማሽን ያጥቡለታል። አንድ ቀን ፊቱ ያብጣል፣ አንድ ቀን ይሟሽሻል። እኔ ልስጠው ብል «እማማ፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለብዎት» ብለው መለሱኝ። የእህቱ የአሰገደች ደም አልገጠመም። ከዚያ ሐኪሙ «ሌላ የሥጋ ዘመድ የለውም ወይ?» አለኝ።

ትርንጎ፦ ምን አሉት?

የሻረግ፦ የለውም አልኩት።

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

የሻረግ፦ ሳህሉ ከተኛበት «አለችኝ» አለ። «ደብረ ብርሃን ሹሩባ ትሠራለች» አለ።

ትርንጎ፦ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

የሻረግ፦ ከተማው ማወቁ ሌላ፣ ልጄ ማወቁ ሌላ። ማን ነገረው?

ትርንጎ፦ ይሄ መስታወት። ተማሪ ሳለ አንዲት ልጅ ወድዶ ሹሩባ ሊያሠራላት ይዟት መጣ። ቆሞ ሲጠብቅ መስታወቱ ውስጥ የራሱን ጆሮ አየ፣ የእኔን ጆሮ አየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

የሻረግ፦ ያ ጆሮ።

ትርንጎ፦ የጋሽ ዘርጋው ጆሮ። እንደ ወፍጮ ቤት በር ወለል ያለው።

የሻረግ፦ በሠርጋችን ፎቶ ላይ ከእኔ ፊት ይልቅ የሚታየው እሱ ነው።

ትርንጎ፦ ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይመጣል። «እህቴ» ነው የሚለኝ።

የሻረግ፦ ለእኔ ደግሞ «ጓደኛዬ ጋ ነኝ» ነበር የሚለኝ። ዶሮዬን ሳይጨርስ እየተነሣ ይሮጣል። ለካስ ሌላ ቤት ዶሮ አለ።

ትርንጎ፦ ዶሮ እንኳ የለም። ሽሮ ነበር የምንበላው።

የሻረግ፦ የእኔን ዶሮ ትቶ ለሽሮ?

ትርንጎ፦ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

የሻረግ፦ እሺ። አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። ትሰጪዋለሽ ወይስ አትሰጪውም?

ትርንጎ፦ እትዬ፣ እኔ ተመርምሬ ጨርሻለሁ። ደሜንም ሽንቴንም ወስደው አዩት። ገጥሟል።

የሻረግ፦ መቼ?

ትርንጎ፦ እርስዎ ሊጸልዩለት ጠበል የወረዱ ጊዜ።

የሻረግ፦ ሳልለምንሽ?

ትርንጎ፦ ለወንድሜ ነው እኮ። ማን እስኪለምነኝ ልጠብቅ?

የሻረግ፦ እኔ ደግሞ የምልሽን ሳጠና ከረምኩ። ለዶሮዎቹ ሁሉ ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

ትርንጎ፦ የአክስት ልጅ የሚለውን?

የሻረግ፦ እሱ እንኳ በሩ ላይ ስደርስ የመጣልኝ ነው። ታዲያ ከገጠመ ምን ቀረ?

ትርንጎ፦ እርስዎ ቀሩ።

የሻረግ፦ ስኳር አለብኝ አልኩሽ እኮ።

ትርንጎ፦ ኩላሊትዎን አይደለም። ምስክርነትዎን ነው። ኩላሊቱን እንደ ገበያ ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንዳይመጣ ዝምድናው ይረጋገጥ ይላሉ ሐኪሞቹ። ቀበሌ ሄጄ የዘርጋው ልጅ ነኝ ስላቸው የድሮውን ፋይል አወጡ። «ሟች ከሳህሉና ከአሰገደች ሌላ ልጅ የለውም ተብሎ ተመስክሯል» አሉኝ።

የሻረግ፦ ማን መሰከረ?

ትርንጎ፦ እትዬ።

የሻረግ፦ አዎ። እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ምለው ነው አሉ።

የሻረግ፦ ምዬ ነው።

ትርንጎ፦ እንግዲህ «ያሰረችው ራሷ መጥታ ትፍታው» ብለውኛል። አባቴ ወንድም የላቸው፣ እህት የላቸው፤ ከእርስዎ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

የሻረግ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ትርንጎ፦ ልወርስ አልመጣሁም። ሰጪዋ እኔ ነኝ፤ ያውም ከሆዴ አውጥቼ።

የሻረግ፦ እሱማ እውነት ነው። ግን አስቢው። የእድር ሰብሳቢ ነኝ። ሁለት ሰው ሲጣላ መካከል ገብቼ «እግዜርን ፍሩ፣ እውነቱን ተናገሩ» የምል እኔ ነኝ። አሁን ቀበሌ ቆሜ «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ልበል? አንድ ሰው ከሰማ እኮ ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ ያልቅልኛል።

ትርንጎ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የሻረግ፦ ቀን በቀን ባይጠራብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ትርንጎ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ለቅሶው ላይ «አባቴ» ብዬ ስጮህ «ይቺን እንግዳ በር ላይ አስቀምጧት» አሉ። በር ላይ ተቀምጬ ንፍሮዬን በልቼ ሄድኩ። ወፍጮውን አልጠየቅኩ፣ ቤቱን አልጠየቅኩ። ማልቀሴ ምን አጎደለብዎ?

የሻረግ፦ አንቺ «አባቴ» ስትይ ሁለተኛ ባል ሞተብኝ። አንደኛውን ጠዋት ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛው የእኔ ብቻ ነው ያልኩት ነው። የእሱን ለቅሶ ማን ይደርሰኛል? ለማንስ ይነገራል?

ትርንጎ፦ አያውቁም ነበር ማለት ነው?

የሻረግ፦ ምን አላውቅም፤ አውቃለሁ እንጂ። እናትሽ ወፍጮ ቤቱ ደጅ እህል ስታበጥር እርጉዝ ሆና አይቻታለሁ። ማወቅና በአደባባይ መስማት ግን ይለያያል።

ትርንጎ፦ ስሙ ዘርጋው የተባለ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል ብለው ነበር?

የሻረግ፦ እሱን ለእናቱም ብያታለሁ።

ትርንጎ፦ ሳቁ እንዴ?

የሻረግ፦ አልሳቅኩም። ጎትተሽኝ ነው።

ትርንጎ፦ አሁን እጄ አልነካዎትም።

የሻረግ፦ እንግዲያው ሳቅኩ። አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቅሽ። የሴት ኩላሊት ወንድ ላይ ሲገባ ጠባይ አይለውጥም?

ትርንጎ፦ ቢለውጥ ማን ይጎዳል? ሳህሉ ዕቃ ማጠብ ይጀምር ይሆናል።

የሻረግ፦ ሚስቱ ታመሰግንሻለች። አንቺስ? በአንድ ኩላሊት ቀኑን ሙሉ መቆም ትችያለሽ?

ትርንጎ፦ እግዜር አንዱን ለመጠባበቂያ ነው የሰጠው ይላሉ። መጀመሪያ ግን ማረፍ አለብኝ፤ ከባድ ነገርም አላነሣም። ሱቁን ዘግቼ እዚህ ጓዳ እተኛለሁ።

የሻረግ፦ ይሄ መጋረጃ ጀርባ? ሲሚንቶው ላይ?

ትርንጎ፦ ፍራሽ አለኝ።

የሻረግ፦ ማን ያስታምምሻል?

ትርንጎ፦ ጎረቤት አለች። አጥሚት ትሠራልኛለች።

የሻረግ፦ እናትሽ ብትኖር ጥሩ ነበር።

ትርንጎ፦ ስትሞት አልመጡም።

የሻረግ፦ አልመጣሁም። ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ። የእድር ሰብሳቢ ሆኜ ሳልደርስ የቀረሁት ለቅሶ እሱ ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ ይሁን።

የሻረግ፦ አትፈሪም፣ ትርንጎ? ቢላዋው?

ትርንጎ፦ እፈራለሁ እንጂ። እስካሁን መርፌ ሳይ ራሴን ያዞረኛል። ደም ሲወስዱብኝ ዓይኔን ጨፍኜ «ሳህሉ» እያልኩ ነበር።

የሻረግ፦ ሁልጊዜ ስትፈሪ እሱን ነው የምትጠሪው?

ትርንጎ፦ ሌላ ማን አለኝ? የዚያን ቀን ግን እሱም አጠገቤ ተኝቶ ነው የሚቀደደው።

የሻረግ፦ ቆይ፣ ፀጉሬን ልቀቂኝ እስቲ።

ትርንጎ፦ ምነው? አመመዎት?

የሻረግ፦ ቀበሌው ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?

ትርንጎ፦ ገና ነው። ፀጉርዎን ልጨርስና ይደርሳሉ።

የሻረግ፦ ነጠላዬን አቀብዪኝ።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ በቀኝ በኩል ገና አልጀመርኩትም።

የሻረግ፦ ተይው። እስክትጨርሺ ከጠበቅኩ ልቤ ይመለሳል። እኔ ራሴን አውቃለሁ። ኩሩ ሴት ነኝ፤ ፀጉሬ ካማረማ ጭራሽ አልናገርም።

ትርንጎ፦ አንዱ ወገን ተሠርቶ አንዱ ወገን ቆሞ በከተማው መካከል ሊሄዱ? ሰው ይስቃል እኮ።

የሻረግ፦ ይሳቅ። ማን ሠራሽ ሲሉኝ የባሌ ልጅ እላቸዋለሁ፤ የቀረውን ደግሞ ማታ ያባትሽ ቤት መጥተሽ ትጨርሺልኛለሽ።