በሳነቴ ቁልቁለት ላይ የተነሣ የሬዲዮ ክርክር

ለሪራ ትምህርት ቤት ዴስክ ጭነን ከጎባ በአይሱዙ ስንጓዝ፣ የሳነቴን ሜዳ ጨርሰን ወደ ሐረና ጫካ መውረጃው ላይ ቀይ ባንዲራ አስቆመን። ዝናብ የመንገዱን ግማሽ ስለወሰደው መኪና የሚያልፈው በተራ ነው። ከላይ ኦቦ አሊዪ የተባሉ ሽማግሌ፣ ከታች ልጃቸው ሳላሀዲን የእጅ ሬዲዮ ይዘው ተራውን ይጠብቃሉ። ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አያሳይም። በአንድ ወገን ገደል ነው፤ መሐል ላይ ሁለት መኪና ቢገናኝ መመለሻ የለም።

ኦቦ አሊዪ ሬዲዮውን አፋቸው ላይ ለጥፈው፣ «ሳላሀዲን! ከባድ መኪና እየላክሁ ነው፤ ከታች ማንንም እንዳትለቅ!» አሉ። ሬዲዮው ተንጫጫና «ቶሌ፣ አባባ» የሚል ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ባንዲራውን ዝቅ አደረጉ፤ ሾፌራችን ብዙነህም ማርሽ አስገባ።

«ቁም!» ብላ አንዲት ወጣት ከመኪናው ፊት ተገተረች። ለሊሴ ትባላለች፤ ሮቤ ተምራ በመንገዱ ጥገና ላይ የተሳፋሪውን ደኅንነት እንድትቆጣጠር የተመደበች ናት።

«ኦቦ አሊዪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ እርስዎ ያሉትን መልሶ አልነገረዎትም።»

«ቶሌ ብሎኛል እኮ! እሺ ካለኝ ወዲያ ምን ይበለኝ?»

«እሺታው ድምፅዎ እንደደረሰው እንጂ ነገሩን እንደሰማ አያሳይም። ያዘዙትን መልሶ ይንገርዎት፤ ያኔ መኪናው ይለፍ።»

«የተናገርሁትን እንደ በቀቀን መልሶ ሊለኝ? እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን ንግግር ከደገመ እያላገጠ ነው። ወላሂ፣ እንዲያ አድርጌ አላሳደግሁትም።»

«ካልሰማስ?»

«ይጠይቀኛላ!»

«እስከ ዛሬ ጠይቆዎት ያውቃል?»

ሽማግሌው ሬዲዮውን ገልበጥ አድርገው አዩት። እኔ መምህር ነኝና ይህን ነገር ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በሙሉ «አዎ» ይለኛል፤ ፈተና ሲመጣ ግማሹ ባዶ ወረቀት ያስረክበኛል። መጠየቅን ድፍረት ያደረገብንን ሰው ባገኘው ደስ ባለኝ!

«ልጅት፣ ዞር በይ እንጂ! ጉሙ ሳይብስ ልውረድ» አለ ብዙነህ፣ ጡሩምባውን እየነፋ።

ለሊሴ ንቅንቅ አላለችም። «ኦቦ፣ ከተሳሳትሁ በሰው ፊት ይስደቡኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁት።»

ኦቦ አሊዪ በንዴት የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫኑ። «ሳላሀዲን! ምን ነበር ያልሁህ? መልሰህ ንገረኝ!»

ሬዲዮው እንደገና ተንጫጫ።

«አባባ… አፉ ይበሉኝ። ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት። ድገሙልኝ ማለት አፈርሁ። ተራው የታች መስሎኝ ሚኒባሱን ለቀቅሁት። ሰቢሪናም ከነልጇ እሱ ውስጥ ናት።»

ሰቢሪና የሽማግሌው ሴት ልጅ ናት።

«አስተግፊሩላህ!» ባንዲራውን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉ። ብዙነህ ሞተሩን አጠፋ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ከኋላዬ የተጫነውን ዴስክ ክብደት አሰብሁ። ብዙ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ሁለት ደብዛዛ መብራቶች ታዩ። ሚኒባሱ ተራራውን ታክኮ ቀስ እያለ ወጣ። ሰቢሪና ምንም ሳታውቅ በመስኮት እጅዋን አወዛወዘችላቸው። አባትየው አጸፋውን መመለስ አቃታቸው።

«ያከበረኝ መስሎት ልጄን ሊገድልብኝ ነበር» አሉ ወደ ለሊሴ ዞረው። «በወጉ የሚነገረው እንዴት ነው?»

«ቁልፉን ተጭነው ጥቂት ታግሠው ይጀምሩ፤ አለዚያ መነሻው ይቆረጣል። ሬዲዮውን ከአፍዎ ትንሽ ራቅ ያድርጉት። ማን እንደሆኑና ለማን እንደሚናገሩ ያስታውቁ፤ ነገሩን ያሳጥሩ፤ ሲጨርሱም ቁልፉን ይልቀቁ፤ እርስዎ ተጭነው ሳለ እሱ ሊመልስልዎ አይችልም። የሰማ መልሶ ይንገር፤ ያልሰማ ይጠይቅ። ይህ ከተደረገ ሾፌሩ በጉም ሳይሠጋ ይነዳል፤ ወላድም በሰላም ጎባ ሆስፒታል ትደርሳለች።»

እኔ ደግሞ፣ አባትና ልጅም ተማምነው ይሠራሉ እላለሁ። አክብሮት ቢሆን ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

ኦቦ አሊዪ ሬዲዮውን አነሡ። «ከላይ አሊዪ ነኝ፤ ለሳላሀዲን። ሚኒባሱ ደርሷል። አሁን አንድ ከባድ መኪና ይወርዳል፤ ማንንም አትልቀቅ።»

ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን።

«አባባ» አለ ልጁ እየፈራ፣ «መጨረሻውን አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እደግ፣ ልጄ!» አሉትና ከመጀመሪያው ጀመሩለት።