ገጽ ስድስት

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጓደኛሞች ከመናኸሪያ ስንወጣ ጀምሮ ወሬያቸውን አላቋረጡም።

«ካማሺ ለወጣው ሥራ ማስረጃህን ላክህ?» አለ ኮፍያ ያደረገው።

«በመከራ ትናንት ላክሁት። ወረቀቶቼን በሙሉ በስልኬ በአንድ ፒዲኤፍ ስካን ሳደርግ፣ ሳላየው ግጥም ገብቶበት ነበር።»

«የምን ግጥም?»

«የራሴ። ዲግሪዬ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ገጽ ስድስት ሆኖ ቁጭ አለ።»

«ለማን የጻፍከው ነው?»

«እሱን ተወው። ገጹን ላወጣ ብዬ ‹ፒዲኤፍ በነጻ እንከፋፍላለን› የሚል ዌብሳይት ገባሁ። ሁለት ገጽ ለየልኝና ለቀረው ኢሜይልህን አምጣ፣ ስልክህን አምጣ አለኝ። ሁሉንም ሰጠሁት። ዲግሪዬ ላይ የራሱን ስም በትልቁ አትሞበት መለሰልኝ።»

«ግጥሙስ?»

«እሱ ጋ ቀረ። ‹ከአንድ ሰዓት በኋላ እናጠፋዋለን› ይላል። ወላሂ አላመንኩትም። የት አገር ያለ ሰው እያነበበው እንደሚስቅ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ እንዴት ተገላገልክ?»

«መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ገልብጣ በአንድ ደቂቃ ገጹን አወጣችልኝ። የሰፈር ልጅ ናት፣ ከእሷ ምንም አይወጣም።»

«ግጥሙ የተጻፈላትን ልጅ ስም ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«ለአንተ ከነገርኩማ ነገ አሶሳ በሙሉ ይሰማል።»

ዛሬ ጠዋት እዚያችው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ገጽ ስድስት ከነስሟ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ነበርና፣ ባምባሲ እስክንደርስ ፊቴን ከመስኮቱ አልመለስኩም።