የተቆለፈው ጁስ

ሲስተርን ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። እኔ ከምሠራበት ሶፋ ቤት አጠገብ ካለው ፋርማሲ ስትወጣ፣ እኔ ስፖንጅ ተሸክሜ ወደ ሥራዬ ስገባ ተገጣጠምን። ሰላም ያልኳት ወድጄ አይደለም። እናቴ ለስኳር ሕመሟ ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ አንድ ቀን ያለ ተራዬ ልጠይቅ ብገባ በሰው ፊት «በሩ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ማንበብ አይችሉም እንዴ?» ብላኛለች። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። እሷ ረስታዋለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳኝም።

እማማ እንዴት ናቸው አለችኝ። ሕመሙስ ደህና ነው፣ ጸባይዋ ግን ተበላሽቷል አልኳት። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት፣ አሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ያገኘችውን ትሳደባለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ጥግ ይዛ ትተኛለች። እርጅና ነው ተባብለን ትተነዋል።

ሲስተር የያዘችውን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «የኢንሱሊን መርፌያቸውን ከምሳ በፊት ነው የሚወጉት፤ ከተወጉ በኋላ ቶሎ ይበላሉ?»

«እንግዳ ከሌለ ትበላለች።»

«እንግዳ ሲኖርስ?»

«እንግዳው ይቀድማላ። ምን ማለትሽ ነው?»

«ዛሬ እንግዳ አለ?»

ቅዳሜ ነበር። እናቴ ከታመመች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን በጠያቂ ዘመድ ይሞላል። ይህንኑ ስነግራት «ይምጡ፣ እንሂድ» ብላ ከፊቴ ቀደመች። ስፖንጁን ደጃፍ ላይ ጥዬ ተከተልኳት፤ እንደ ተላላኪ እየነዳችኝ መሆኑ ግን ሳያናድደኝ አልቀረም።

ቤት ስንደርስ እንግዶቹ እኔ በሠራሁት ሶፋ ላይ ተደርድረው ይበላሉ። መካከሉን የያዙት አጎቴ ናቸው፤ አብረውን የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የመሥሪያ ቤት መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ቢወጡም ቁልፍ መያዝ አልተዉም። በሌሉበት «መጋዘን» እንላቸዋለን። ከትምህርት ቤት ያስወጡኝ እሳቸው ናቸው። «ይህ ልጅ ጭንቅላት የለውም፣ እጁን ያሠራ» ብለው መጽሐፎቼን ጓዳ ባለው የብረት ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉና ሶፋ ቤት አስቀጠሩኝ። የራሳቸው ልጅ ኮሌጅ ገባ።

እናቴ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ሆና ሰሃን ታቀብላለች። ነጠላዋ በላብ ርሷል። መርፌዋን ተወግታ የራሷን ምሳ አቅርባ ሳለ ነው እንግዶቹ የገቡት፤ ሰሃኗን አንስታ ለመጀመሪያው ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ማን ያስታውሳት።

ሲስተር ስትጎነበስ «አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለቻት እናቴ። አንዳንዶቹ ሳቁ።

አጎቴ «አየሽው ልጄ፣ እንዲህ ሆናለች» አሉ።

ሲስተር ከቦርሳዋ የስኳር መለኪያ አውጥታ የእናቴን ጣት ወጋችና ቁጥሩን አየች። «ስኳራቸው በጣም ወርዷል። ጣፋጭ ነገር አምጡልኝ፣ አሁን።»

በቤቱ ስኳር የለም። ሕመሙ ከተነገረን ቀን ጀምሮ አጎቴ አስወጥተውታል፤ ጠያቂ የሚያመጣውን ጁስና ለስላሳም እየተቀበሉ እዚያው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ሲስተር ይህን ስትሰማ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ይስጡኝ አባባ።»

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ይህ ነው ትምህርቱ?»

«መርፌው ስኳሩን ያወርደዋል። ምግብ ካልተከተለው በቃኝ ብሎ አይቆምም። አሁን እያንቀጠቀጣቸው ያለው የስኳር ማነስ ነው።»

«እኔ እህቴን በገዛ እጄ አልመርዝም» ብለው ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

የእናቴ ጭንቅላት ግድግዳው ላይ ዘንበል አለ። ሲስተር «የጎረቤት ሱቅ ሮጡ» ስትል እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ነበር። የሶፋ መዶሻዬ ሁልጊዜ ከወገቤ አይለይም። ያን ሳጥን አውቀዋለሁ፤ ከስንት ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ። መቆለፊያውን ስመታው ለእናቴ ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው። ተገንጥሎ ወደቀ። ጁሱን ይዤ ስመለስ እንግዶቹ በሙሉ ቆመው ነበር።

እናቴ ገና መዋጥ ትችል ስለነበር ሲስተር ቀስ እያለች አጠጣቻት። ራሷን ስታ ቢሆን ኖሮ አንድ ጠብታ በአፏ አይገባም ነበር፣ ሆስፒታል ማክነፍ ብቻ ነው ስትል ሁላችንም ሰማን። ትንሽ ቆይታ እንደገና ለካች፤ ከፍ ብሏል። የእናቴ ዓይን ጠራ። ዙሪያዋን አየችና «እንግዶቹ በሉ?» አለች።

ሲስተር ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው። ሰሃን አምጥታ እናቴ ፊት አስቀመጠችና እንድትበላ አዘዘቻት።

አጎቴ ግን «ሳጥኔን ሰበረው» እያሉ ያጉረመርማሉ። እንግዳ ሳይበላ ባለቤት የሚበላበት ቤት አልተወለድኩም፣ ሰው ምን ይለናል አሉ።

«እነዚህ እንግዶች ማንን ሊጠይቁ መጡ?» አለች ሲስተር።

«እሷን።»

«እሳቸውን ሊጠይቁ መጥተው የእሳቸውን ምሳ በልተው ሊሄዱ ነው። መርፌ የተወጋ ሰው ይሉኝታ አያውቅም አባባ፤ ሰውነቱ አይጠብቅለትም።»

አንዱ እንግዳ የያዘውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለሰ።

«እናንተው አይደላችሁ ጣፋጭ አይንኩ ያላችሁን?» አሉ አጎቴ።

«ለዘወትር አይሁን አልን። እንዲህ ሲሆኑ ግን መድኃኒታቸው ነው። አባባ፣ መጋዘን ሲጠብቁ የእሳት ማጥፊያውን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«በር ላይ ይሰቀላል።»

«በቁልፍ?»

ሰው ሁሉ አጎቴን ያያል። «የእሳት ማጥፊያ አይቆለፍም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሲያዩት ቆዩ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ብዙም አላለኝም።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ? እናትዎ ላብ አጥምቋቸው ሲንቀጠቀጡ ጸባይ ነው ብለው ይተዋሉ?»

እዚህ ላይ መታገሥ አቃተኝ። ማን ነገረን አልኳት። ጤና ጣቢያው መርፌውን ከወረቀት ጋር ለእናቴ አስታቅፎ ሸኛት፤ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ልጠይቅ ስገባ ተራዎን ይጠብቁ ተባልኩ። በሽታው የእሷ ቢሆንም ሰሃን የሚያቀርበው፣ እንግዳ የሚቀበለው፣ ቁልፍ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ያን ሰው ካላስተማራችሁ ምኑን አስታመማችሁ?

ቁጣ ትመልሳለች ብዬ ስጠብቅ «ይህ የእኛ ጥፋት ነው» አለች። ከዚህ በኋላ ከታማሚው ጋር የሚኖር ሰው ሳይመጣ መርፌ አስጀምሬ አልሸኝም አለችኝ። በሩ ላይ ያለችኝን ላስታውሳት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ይቅር ብያት አይደለም።

አሁን ቅዳሜ ሲመጣ የእናቴ ሰሃን ይቀድማል። አጎቴ ራሳቸው በር ላይ ቆመው «እህቴ መርፌዋን ተወግታለች፤ ትብላና እንቀርባለን» ይላሉ፤ ቅር ያለው ዘመድ እስካሁን አልታየም። ጁሱ ከመቀመጫዋ በላይ ሚስማር ላይ በጨርቅ ከረጢት ተሰቅሏል። ሚስማሩን የመታሁት እኔ፣ ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። የእናቴ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ ጸባይዋም ተመልሷል፤ ዛሬ ከሰደበችኝ የእውነቷን ነው። ሰውነቷ ሲርድና ላብ ሲያጠምቃት መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ለጠያቂው የሚያስረዱት ራሳቸው እንዳገኙት አድርገው ነው። እንግዳውም «እውነትም እርስዎ አዋቂ ነዎት» ይላቸዋል። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ። የሳጥኑን መቆለፊያ ጠግንልኝ ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። አልጠግነውም።