የኔታ ያልጠበቁት ንባብ

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከተዛወረ ወዲህ አንኮበር ጸጥ ብላ ነበር። የኔታ ወልደተንሣኤ ግን ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስቆጠሩበትን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ጥላ ትተው የትም አልሄዱም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዳዊታቸው ጥራዝ ስለላላ ወደ ብራና ፋቂው ወደ ገብረአማኑኤል ቤት ይዘውት ወረዱ። ሰውየው ገበያ ሄዶ አላገኙትም፤ ከጓሮው ግን የልጆች ድምፅ ሰሙ።

ብቅ ቢሉ የገብረአማኑኤል ልጅ ወለተሐና አራት ልጆች ከብበዋት ተቀምጣለች። አራቱም እርሳቸው «ፊደል አይገባቸውም» ብለው ያሰናበቷቸው ነበሩ። ከመካከላቸው የመበለቲቱ የትርፌ ልጅ ዘርአ ዳዊት ሲያያቸው አንገቱን ደፋ።

ወለተሐና ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው ልጄ?»

«ንባብ እየተማርን ነው፣ የኔታ። አባቴ ያስተማረኝን አካፍላቸዋለሁ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝ። ከእርስዎ ዘንድ ሲመለሱ በደጃችን ነው የሚያልፉ። እያለቀሱ ሲያልፉ አይቼ ነው።»

ነገሩ ቆረቆራቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንደተማሩት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ፤ በዚህ በዘርአ ዳዊት ሁለት ዓመት ደክሜበታለሁ። ፊደል ጸጋ ነው፤ ላልተሰጠው አይገባም። ለእናቱም ይህንኑ ነግሬያት ከፋሲካ በኋላ ቆላ ላለው አጎቱ ልትሰጠው ነው። አሁን ተስፋ ብትሰጪው ሁለተኛ ልቡ ይሰበራል።»

«መድከምዎ እውነት ነው። ግን አርባ ልጅ ባንድ ድምፅ ሲል እርሱም አብሮ ይላል። ጆሮው ተማረ እንጂ ዓይኑ አልተማረም። ከመካከል አንዲት ፊደል ነጥዬ ሳሳየው አያውቃትም ነበር።»

ይህን ብላ ከሙዳይ ውስጥ የብራና ቍርጥራጭ አወጣች። አባቷ ከመጽሐፍ ዳር ቆርጦ የጣለው ነው፤ በያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጽፋበታለች። ልጆቹ ደባልቀው እያነሡ ያነባሉ።

«ይህማ ጨዋታ ነው» አሉ የኔታ። «እኔ በአለንጋ ነው የተማርኩ።»

«ለእርስዎ በጅቷል። ዘርአ ዳዊት ግን አለንጋው ሲነሣ የሚያየው እጅዎን ነው። እጅዎን እያየ ፊደሉን በምን ያንብበው?»

የኔታ ዳዊታቸውን ገልጠው ልጁን ጠሩትና በቃሉ የማያውቀውን አንድ መስመር በጣታቸው አሳዩት።

ልጁ ሁለት ቃል አነበበ፤ ሦስተኛው ላይ ቆመ። የየኔታ እጅ ሳያስቡት ብድግ አለ። ልጁ ትከሻውን ሰበሰበ።

«ይጠብቁት፣ የኔታ» አለች ወለተሐና ቀስ ብላ።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ። ጠበቁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለማንም ልጅ ይህን ያህል ጠብቀው አያውቁም። ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለያቸው፤ ከዚያ ቃሉን አለው። መስመሩንም ጨረሰ።

«ድገመው፣ ልጄ።»

ደገመው፤ አሁንስ አልቆመም።

የኔታ ያሰቡት ሌሎቹን ነበር፤ ስማቸውን እንኳ የረሷቸውን፣ በዚያው ቃል ያሰናበቷቸውን ልጆች። ዕውቀት ያለው ሰው ስሕተቱን ሲያይ ሕመሙ ይበረታበታል፤ ካልሸሸው ግን ይጠቅመዋል።

«ስንቱን መለስኩ፣ ወለተሐና?»

«ያለፈውን እግዜር ያውቃል። እነዚህ ግን አሁንም አሉ።»

«ሴት ፊደል ታስቆጥራለች ብለው ካህናቱ ቢያጉረመርሙሳ?»

«እርስዎ ከፈቀዱልኝ ማን ይናገረኛል?»

የኔታ ፈገግ አሉ። ጥራዛቸውን ረስተው ልጁን አስከትለው ወደ ትርፌ ቤት ሄዱ።

«ልጅሽን ቆላ አትስደጂው» አሏት። «ጥፋቱ የእኔ ችኰላ እንጂ የእርሱ አልነበረም።»

ትርፌ ጉልበታቸውን ሳመች።

ከዚያ ወዲህ የዘገየ ልጅ ወደ ቤቱ አይሰደድም፤ ከሰዓት በኋላ ወለተሐና ዘንድ ይሄዳል። ዳዊት የጨረሱት ትልልቆቹም እያንዳንዳቸው አንዳንድ ታናሽ ይዘው ያለ ዋጋ ያስጠናሉ፤ ሌላውን ሲያስጠኑም የራሳቸው ንባብ ጠራላቸው። በዓመቱ ከአራቱ ሦስቱ አነበቡ። አራተኛው ገና ነው፤ ግን ደንቆሮ የሚለው የለም።

በአባቱ የሙት ዓመት ዕለት ዘርአ ዳዊት ተነሥቶ ዳዊት ደገመ። ትርፌ ግእዙ አይገባትም። ቢሆንም ልጇ እስኪጨርስ ድረስ፣ የያዘችውን እንስራ ሳታስቀምጥ፣ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው።