ከስንክሳሩ ዳር የተቆረጠው

(የታሪክ መምህርቷ የአዜብ ቢሮ። ከሦስት ዓመት በፊት የገጠር ደብራቸውን ስንክሳር በስልኳ ፎቶ እንድታነሣ የፈቀዱላት መሪጌታ ልሳነወርቅ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ እሷ ዐይናቸውን ማየት አቅቷታል።)

መሪጌታ፦ ኢንተርኔት ላይ አለ አትበይኝ ልጄ፤ እኔ የምፈልገው ወረቀት ላይ ነው። አንዲት ገጽ፣ ያውም ዳሯን ብቻ።

አዜብ፦ የኔታ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ። ሻይ ላስመጣልዎት?

መሪጌታ፦ ሻይ ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ አልመጣሁም! የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ክረምቱን አፍስሶ ስንክሳሩ በሰበሰ እኮ ነው የምልሽ። ብራናው እርስ በርሱ ተጣብቋል።

አዜብ፦ ሰምቻለሁ። በጣም አዘንኩ።

መሪጌታ፦ እኔማ አልቅሼ ነበር። ኋላ አንቺ ትዝ አልሽኝና «አዜብ ዘንድ አለ» ብዬ ሕዝቡን አጽናናሁት።

አዜብ፦ ለሕዝቡ ነገሩ?

መሪጌታ፦ በዐውደ ምሕረት! ምነው፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?

አዜብ፦ የትኛውን ገጽ ነው?

መሪጌታ፦ የኅዳር ሚካኤልን። ድሮ በወረርሽኝ ያለቁትን የደብራችንን ሰዎች ስም ያኔ የነበሩት ቄስ ዳሩ ላይ ጽፈውት የለም? በየዓመቱ ከዚያ እያነበብን ፍትሐት እናደርግላቸዋለን። ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ቀረን።

አዜብ፦ ቤተሰቦቻቸውን ብንጠይቅስ?

መሪጌታ፦ ቤተሰብ የቤት ስም እንጂ የክርስትና ስም ከየት ያውቃል? ፍትሐቱ በክርስትና ስም ነው። ይልቅ ኮምፒውተሩን ክፈቺው።

አዜብ፦ ይኸው፤ ገጹ ይሄ ነው።

መሪጌታ፦ እሰይ! እንዴት ጠርቷል! ዳሩስ?

አዜብ፦ የለም።

መሪጌታ፦ እንዴት የለም? ወደዚያ ግፊው እንጂ።

አዜብ፦ ብገፋውም የለም፣ የኔታ። ዳር ዳሩ የጧፍ ጠብታና የጣት እድፍ ነበረበት። ፕሮግራሙ ገጹ እንዲያምር ቆረጠው... አይ፣ ፕሮግራሙ አይደለም። ቁረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጽሑፍ እንዳለበትም አይቻለሁ፤ የኋላ ሰው የጫረው ነው ብዬ ናቅሁት።

መሪጌታ፦ መጀመሪያ ያነሣሽውስ?

አዜብ፦ ስልኬ ሞላብኝና አጠፋሁት።

መሪጌታ፦ «ብራና ያረጃል፣ ይሄ ግን አያረጅም» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?

አዜብ፦ ነኝ። ተሸልሜበታለሁም፤ ጥራቱ ተደንቆ። አፈርኩ የኔታ፣ የት ልግባ?

መሪጌታ፦ እኔስ ምን ብዬ ልመለስ?

አዜብ፦ ቆይ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲጠሩት ኖረዋል፤ በቃልዎ ይዘውታል አይደል? አሁኑኑ ይንገሩኝ፣ ልጻፈው። አንድም አላስቀርም።

መሪጌታ፦ ዐርባ አንድ ናቸው። ሠላሳ ስምንቱን በቃሌ ይዣለሁ። የመጣሁት ለሦስቱ ነው።